ከቢቸና የተመለሰ ጉዞ

የብርቱካን ልጣጭ በተዘጋ መኪና ውስጥ ሲቆይ እንዴት እንደሚሸት ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ደስ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ግን ከጋለው የወንበር ፕላስቲክና ከነዳጅ ጋር ተደባልቆ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። በቀደም የተማሪዎቻችንን የሽርሽር ዕቅድ ልናወጣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ተሰብስበን ሳለ አንዱ ባልደረባዬ ብርቱካን ላጠ። ሌላው ደግሞ ሰሌዳው ላይ «የአካባቢ ባህል» ከሚለው ሥር «የቆሎ ተማሪዎችን ማየት፣ ፎቶ ማንሳት» ብሎ ጻፈ። ሽታውና ጽሑፉ አንድ ላይ ሲመጡብኝ ተነሥቼ ጽሑፉን በመዳፌ አጠፋሁት። «ምነው መምህርት፣ ምን ነካሽ?» አሉኝ። የጠመኔውን ብናኝ ከመዳፌ አራግፌ ወጣሁ። ለእናንተ ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ነገር ሲዘበራረቅ አልወድም፤ ንዴትም ቢሆን ቅደም ተከተል አለው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ጎጃም ውስጥ ሮብ ገበያ በምትባል ከተማ ነበር የምንኖረው። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፤ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተን እናቴ በገበያ ቀን ድንችና ገብስ ትሸጥ ነበር። ከፋሲካ በፊት አዲስ አበባ የሚኖረው አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ስልክ ደወለ።

«ከተማው ሰለቸን። ከበዓሉ በኋላ ባለቤቴንና ልጄን ይዤ እመጣለሁ። አንቺ ትምህርት ቤት የቱሪዝም ክበብ ውስጥ ነሽ አሉ። በይ ፕሮግራም አውጪልን! ልጁ የሚሮጥበት ቦታ ይኑር፣ ለቤተሰብ የሚሆን ይኑር፣ ትንሽ ባህልም ጣል አድርጊበት።»

ጨው ነው እንዴ ባህል፣ ጣል የሚደረገው? ይህን የምጠይቀው ዛሬ ነው። ያን ጊዜ ግን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ለመጀመሪያው ቀን የጮቄን ተራራ መደብኩ፤ ብርዱን፣ ጅባራ የሚባለውን ረጅም የደጋ ተክል፣ የፈረስ ግልቢያውን። ለሁለተኛው ቀን ደጀን ወርደን የዓባይን በረሃ ማየት። ባህሉ ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬን ነክሼ ቀረሁ።

እናቴ የድንች ከረጢት አፍ እየሰፋች ነበር። ቀና ሳትል «ዲማንስ አታስገቢበትም?» አለችኝ።

ዲማ ከቢቸና ወዲያ ያለ የጥንት ገዳም ነው፤ የቅኔ ሊቃውንት አገር። ግን እናቴ ያን ያለችው ለሊቃውንቱ አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ከሁለት ዓመት በፊት ጠፍቶ ነበር። «ጠፋ» ስላችሁ አትደንግጡ፤ በእኛ አገር ቅኔ የሚማር ልጅ እንዲሁ ነው የሚሄደው። ቤተሰብ ከእርሻ አላወጣህም ይለዋል፣ ወይም እናት ታለቅሳለች፤ ስለዚህ ሳይሰናበት ይወጣና ማንም በማያውቀው አገር ለምኖ እየበላ ይማራል። ወንድሜ የሄደው ደግሞ አጎቴ አዲስ አበባ ወስዶ ሊያስተምረው በቀጠረበት ሳምንት ነው። አጎቴ ይህን እንደ ንቀት ቆጥሮት ነበር። ከስልኩ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ የቢቸና ጤፍ ነጋዴ ገበያ ላይ ለእናቴ «ልጅሽን የሚመስል ተማሪ ዲማ አየሁ» ብሏት ነበር።

«ታዲያ ለምን ሄደሽ አታይውም?» አልኳት።

«ፍለጋ ሂጄ? ተማሪ ዘመድ ፈልጎ እንደ መጣበት ከሰማ ያን አገር ለቆ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ የትም አላገኘው። እንግዳ ይዤ ልሳለም ብሄድ ግን ማን ምን ይለኛል?» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ከቅጥሩ ሥር እቀመጣለሁ። ወደ ማታ ከትምህርት ጉባኤ ሲወጡ አየዋለሁ። አለመሞቱን አይቼ እመለሳለሁ።»

«ቢያውቅሽስ?»

«ልጅ እናቱን የሚያውቃት በአካሄዷ ነው። እኔ ቁጭ እንዳልኩ ነኝ፤ አልራመድም።»

ዕቅዱን ስጨርስ ከሁለተኛው ቀን መጨረሻ ላይ ዲማን በቀይ ጻፍኩት።

መጡ። በመጀመሪያው ቀን ጮቄ ወጣን። የአጎቴ ሚስት በረደኝ ብላ ከመኪና አልወረደችም። ልጃቸው፣ በዕድሜ እኩያዬ ነው፣ ጅባራውን በዱላ እየመታ ስልኩን አዙሮ ራሱን ይቀርጻል። አጎቴ የፈረሱን ባለቤት «ይኼ ፈረስ ነው ፍየል?» እያለ ሲያሾፍበት ዋለ። ሰውዬው «ፍየልስ እርስዎን አትችልም ጌታዬ፣ ፈረስ ነው» ሲለው ብቻ ሳቅሁ። እናቴ እቤት ምግብ ስትሠራ ዋለች። አልከፋትም፤ የእሷ ቀን ነገ ነው።

በነጋታው ገና ጎህ ሳይቀድ ታጥባ፣ ነጭ ለብሳ ተቀመጠች። እጇ ባዶ ነበር። «በሶ እንኳ አትይዢለትም?» ብላት «ስንቅ የያዘች እናት ፍለጋ መሄዷ ይታወቅባታል» አለች። ለዓመት በዓል ጎረቤት ቤት እንኳ ባዶ እጇን የማትሄድ ሴት ናት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስናገር ድምፄ ከፍ ቢል ይቅር በሉኝ። እነሱ የተነሡት ፀሐይ ቤት ከሞላች በኋላ ነው። ደብረ ማርቆስ ለቁርስ ቆሙ። ደጀን ስንደርስ አጎቴ ሥጋ ቤት አየ፤ ጥሬ ሥጋ ካልተበላማ ጎጃም መምጣት ምን ዋጋ አለው አለ። የጭነት መኪኖቹ ጭስ እየሸተተን፣ ቢላዋው እየተሳለ፣ እናቴ የተሰጣትን ሳትነካ ጥላዋን ታያለች። በረሃው ውስጥ ወርደን ዝንጀሮ ፎቶ ሲያነሡ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነበር። ሲመለሱ ከመንገድ ዳር ብርቱካን ገዙ።

«አጎቴ፣ ዲማ ሳይመሽ መድረስ አለብን» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ዕረፍት ላይ ነን እኮ! ዕረፍት በደወል አይሄድም።»

ሚስቱ «አስተማሪ ናት የምትሆነው» ብላ ሳቀች። እሱስ አልቀረልኝም።

እናቴ በኋላ ወንበር በእኔና በልጁ መካከል ተጣብባ ተቀምጣ ነበር። ልጣጩን ከእግራችን ሥር ይጥላል። እሷ መስኮቱን፣ ከመስኮቱም የፀሐይዋን ዝቅ ማለት ትመለከታለች። ቢቸና ስንደርስ አጎቴ መኪናውን ዳር አቆመና ተንጠራራ።

«በቃን። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ይህን ሁሉ አቧራ አልጠጣም። አዲስ አበባ ቤተ ክርስቲያን ጠፍቶ ነው?»

ያን ጊዜ እናቴ ተናገረች። ታናሽ ወንድሟን ለምና የማታውቅ ሴት ናት።

«ወንድሜ፣ ልጄ እዚያ ነው ይባላል። በሩቅ አይቼው ልመለስ። አላናግረውም። በሩቅ ብቻ።»

አጎቴ ዞረ። «እዚህ ነው? የእኔን ቤት ንቆ ለማኝ ሊሆን የመጣው እዚህ ነው?» ከዚያ ፊቱ በራ፤ ከልቡ ደስ ያለው ይመስለኛል፤ ያ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ። «በቃ እንሂድ! አንጠልጥዬ እዚችው መኪና ውስጥ አስገባዋለሁ። ነገ አዲስ አበባ ነው፤ ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ። አለቀ!»

ሚስቱ አጨበጨበች። «ወይኔ፣ ምን ዓይነት ሰርፕራይዝ ነው! እትዬ፣ እርስዎ ሮጠው ሲያቅፉት ልጁ ከኋላ ይቀርጻችኋል። ግን ያቺን የበግ ቆዳ ደበሎውን እንዳያወልቅ፤ በእሷ ነው የሚያምረው!»

ልጁ ስልኩን ከእናቴ ፊት ደቅኖ ነበር። «አክስቴ፣ ምን ይሰማዎታል?»

«አውርደው!» ብዬ ጮህኩ። «አውርደው ነው የምልህ!»

«ምን አደረግሁ? ትዝታ ነው እኮ!» አለኝ።

ትዝታ! የሰው እናት እንባዋን ስትውጥ መቅረጽ ትዝታ ከሆነ፣ ይኸው እኔም አለኝ። እስከ ዛሬ አልጠፋልኝም።

እናቴ ግን ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። «ኧረ እኔ ጅል!» አለች። «ነጋዴው ያየው ሌላ ልጅ ነው። የእኔ ልጅ እንዲህ ቅርብ አይቀመጥም፤ ጎንደር ተሻግሯል። እንዲያው ለመሳለም ብዬ ነው። መሽቷል፣ ልጁም ደክሞታል፤ እንመለስ።»

«እርግጠኛ ነሽ እታለም?»

«ጊዮርጊስን!» አለች።

የዲማው ታቦት ጊዮርጊስ ነው። እናቴ ሐሰት ምላ አታውቅም፤ ገበያ ላይ እንኳ «ይቅርብኝ» ብላ ነው የምታልፈው። በገዛ አገሩ፣ በገዛ ስሙ በሐሰት ማለች። አጎቴ «አላልኳችሁም? ምንም የሚታይ ነገር የለም» ብሎ መኪናውን አዞረ። እሷ ወደ ኋላ ዞራ ነጠላዋን ወደ መስቀለኛ መልሳ፣ በአቧራው ውስጥ ወደ ማይታየው ቅጥር ሦስት ጊዜ አጎነበሰች። ጠባብ ስለነበር ግንባሯ የወንበሩን መደገፊያ ነካ።

እነሱ ሲሄዱ «በጣም ተዝናናን» ብለው ሄዱ። እናቴ ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ ስለ መሐላዋ ተናዘዘች፤ ጾምና ስግደት ተሰጣት። ማታ ማታ ጉልበቷ መሬት ሲነካ ከመደቡ ላይ እሰማ ነበር። ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱ ብትሉኝ እንዲህ ነው፦ እነሱ ዐረፉ፣ እናቴ ንስሐ ገባች።

ወንድሜ የመጣው እኔ ኮሌጅ ልጨርስ ስል ነው። ቅኔ ተቀኝቶ፣ ለማስተማር በቅቶ፣ ጺም አውጥቶ መጣ። ምሳ በልቶ እጁን ሲታጠብ ያን ቀን ነገርኩት። አብሮኝ ይናደዳል ብዬ አጎቴን፣ ሥጋውን፣ ስልኩን፣ አንድም ሳላስቀር ተረክሁለት። እሱ ግን ውኃው ከእጁ ሲንጠባጠብ ያይ ነበር።

«ያን ጊዜ ዲማ ነበርኩ» አለ በመጨረሻ። «እከክ ይዞኝ፣ ርቦኝ፣ ትምህርቱም አልገባ ብሎኝ ነበር። የዘመድ ፊት ባይ ተከትዬው ወደ ቤት ልገባ ቆርጬ ነበር። እሷን ባይማ ኖሮ...» አልጨረሰውም።

ዞሬ እናቴን አየኋት። ያልገረማት ይመስል ነበር።

«አጎትሽን ብቻ የፈራሁ መሰለሽ?» አለችኝ። «ቁጭ ብዬ አየዋለሁ ስል ቀላል መስሎኝ ነበር። ቢቸና ስደርስ ግን አወቅሁት። ቁጭ ብዬ አልቀርም ነበር ልጄ። እነሣ ነበር።»

ወንድሜ መንገድ አድክሞት ስለነበር መደቡ ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። የከሰዓት ፀሐይ በበሩ ገብታ ፊቱ ላይ አረፈች። እናቴ በርጩማዋን ስባ በእሱና በብርሃኑ መካከል ተቀመጠች። በማግሥቱ እንደሚሄድ ነግሮናል። ጎረቤት ጠርቷት አልወጣችም፤ እሳቱም ጠፋ። ጥላዋ ከፊቱ ሲሸሽ በርጩማዋን ትንሽ ፈቀቅ እያደረገች፣ እስኪነቃ ድረስ ታየው ነበር።