ከውጭ የሚቀረቀር በር

ለንደን ውስጥ፣ ከምኖርበት ከሰቨን ሲስተርስ በምድር ውስጥ ባቡር ብሪክስተን ሰፈር ድረስ እየሄድኩ የአንዲት ባለጸጋ አሮጊት ቤት አጸዳ ነበር። አሠሪዬ ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከባላቸው የወረሱት አንድ ትልቅ የድሮ ግንብ ቤት ፈረንሳይ አገር ነበራቸው፤ እሱን ሲያሳድሱ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ልብስ ስተኩስ እሳቸው ወንበር ስበው ታሪኩን ይነግሩኛል። መጀመሪያ አንድ መስፍን አሠራው። ከዚያ ሕዝቡ በንጉሡ ላይ ሲነሣ ግማሹ ተቃጠለ። ከዚያ መነኮሳት ትምህርት ቤት አደረጉት፤ በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ ወታደር ሰፈረበት። የወይን እርሻውና ጫካው ተሸጦ ካለቀ በኋላ የባላቸው አያት ጣሪያው የሚያፈሰውን ግንብ ገዙ። እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። መስፍኑን ከንጉሡ እያምታታሁ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ከሁሉም ያልገባኝ እድሳቱ ነው። ማደስ ማለት አሮጌውን አዲስ ማድረግ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን ደህናውን ነጭ ቀለም አስፍቀው ከሥሩ የቆሸሸ ግራጫ ሲወጣ እንደ ልጅ ይደሰታሉ።

አንድ ጠዋት ለንደንን ለቀው ግንቡ ውስጥ ሊኖሩ እንደሆነ ነገሩኝ።

«አንቺም ትመጫለሽ። ደመወዝሽ ይጨመራል፤ ክፍልም አዘጋጅቼልሻለሁ» አሉና ፎቶውን አሳዩኝ።

ጣሪያ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። የብረት አልጋ፣ ግራጫ ግድግዳ፣ ከበሩ በላይ ትንሽ ደወል።

«የድሮ ዘመን የቤት ሠራተኛ ክፍል ነው። ልክ እንደነበረው መለስነው! ደወሉም ይሠራል፤ ሳሎን ሆኜ ገመዱን ስስበው እዚህ ይጮኻል።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ግን በሩን አየሁ። መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ነው።

«ይኼ ለምን ውጭ ሆነ?»

«ድሮ ማታ ማታ ሠራተኛ ልጃገረዶቹን ይዘጉባቸው ነበር። ያሳዝናል አይደል? መቀርቀሪያው ጠፍቶ ነበር፤ ስንት ቦታ ፈልገን አምሳያውን አገኘን» አሉኝ በኩራት።

ማታ አብራኝ ለምትኖረው ሴት ነገርኳት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እትዬ ነው የምላት።

«እሰይ! ቤተ መንግሥት ልትገቢ ነው! እኛን ድሆቹን እንዳትረሺን» አለች።

«እትዬ፣ በሩ ከውጭ ነው የሚቀረቀረው።»

ሳቋ ቆመ። ለንደን ከመምጣቷ በፊት ቤሩት ሰው ቤት ሠርታለች። «አሮጊቷ እንደሆኑ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ደረጃውን አይወጡትም፤ ማን ይቀረቅርብሻል?» ብላ ልትቀልድ ሞከረች። ከዚያ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለማንኛውም ከውስጥም መቀርቀሪያ አስገጥሙልኝ በያቸው፣ የኔ እህት» አለችኝ።

እኔ ለመናገር አፍራለሁ። ያቺን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ባቡር ላይ ስንት ቀን ስለማመዳት ከረምኩ። ስናገራት አሠሪዬ እዚያው የእድሳቱ ኃላፊ ጋ ደወሉ።

«በሩ ታሪካዊ ነው፤ አዲስ ቀዳዳ አይበሳም አለ» አሉኝ። «ግን ማንን ትፈሪያለሽ? እኔን ነው?»

እሳቸው እኮ ስታመም ሾርባ ይዘው ሰቨን ሲስተርስ ድረስ የመጡ ሰው ናቸው። የምፈራቸው አይመስለኝም። ፊቴን ሲያዩ ደነገጡና፣ «ታዲያ የእንግዳውን ክፍል ውሰጂ! አትክልቱን ያያል፤ ቁልፉም ካንቺ ጋር ይሆናል» አሉ።

ያኔ ይብስ ግራ ገባኝ። ይኼ ከተቻለ መጀመሪያ ለምን አልሆነም? ምናልባት ለእኔ የሚስማማው ያ ክፍል መስሏቸው ነው። ምናልባትም ከልባቸው ትልቅ ስጦታ የሰጡኝ መስሏቸው ነው። እያሰብኩ ሳለሁ አፌ ቀድሞኝ፣ «አመሰግናለሁ፤ እዚሁ ለንደን እቀራለሁ» አለ።

«ምን አጠፋሁ?» አሉኝ።

«ምንም» አልኩ። እውነት ይሁን ውሸት እስካሁን አላውቅም።

እሳቸው ሄዱ፤ እኔ ክሮይደን በሚባል ሰፈር ቢሮ ማጽዳት ጀመርኩ። ሥራው ከባድ ነው፤ ክፍያውም ያንሳል። አልፎ አልፎ ፎቶ ይልኩልኛል። ባለፈው ሳምንት የላኩት የዚያችን ክፍል ነው፤ ግንቡ ለጎብኚ ተከፍቷል። አልጋው አጠገብ፣ ልብስ መሸጫ መስኮት ላይ እንደሚቆሙት ያለች ሰው የምታክል አሻንጉሊት አቁመዋል። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ነጭ ሽርጥ አስራለች። አንገቷ ወደ ደወሉ ዘንበል ብሏል። ከሥሩ «ክፍሉ ሰው ባይኖረው ባዶ መሰለን» የሚል ጽፈዋል።

«ደመወዝ የማትጠይቅ አገኙ!» ብላ እትዬ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ስልኬን ይዤ መኝታ ክፍሌ ገባሁ። ፎቶውን በጣቴ አሰፋሁት። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መቀርቀሪያው ያበራል። እዚያ የቆምኩት እኔ ባለመሆኔ ደስ አለኝ፤ ግን ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አሻንጉሊቷም አሳዘነችኝ።

«በጣም ያምራል። ጉልበትዎ ተሻለዎት?» ብዬ ላኩላቸውና ተነሥቼ በሬን ከውስጥ ቆለፍኩ።