የዓለሚቱ ፀጉርና የገንዳው ውሃ

መጋቢት አንድ ቀን 2016 ነበር። ነበር ልበል እንጂ እርግጠኛ አይደለሁም። የቅበላ እሑድ እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ ከገንዳው ማዶ ካለው ምግብ ቤት የጥብስ ሽታ እየመጣ፣ ሰዉ ነገ ጾም ነው እያለ ሁለተኛ ያዝዝ ነበር። ግን ቅበላ ሁሌ እንዲህ ነው፤ ምናልባት ያምናውን ከዘንድሮው ቀላቅዬው ይሆናል። ወይስ ከዚያ በፊት የነበረው እሑድ ነው? ቀኑ ተምታቶብኛል። ንዴቱ ግን አልተምታታብኝም።

ዓለሚቱ ከላፍቶ ወደ ጀሞ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ሆቴል ውስጥ ልጆችን ዋና ታስተምር ነበር። እኔን ሐኪም ለወገብህ ውሃ ውስጥ ተንቀሳቀስ ብሎ ልኮኝ፣ ቅዳሜና እሑድ ከሕፃናቱ ጎን ጥልቀት በሌለው በኩል ስንቦጫረቅ ነው ያወቅኋት። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገች፣ አባቷ በጀልባ ዓሣ ያጠምድ የነበረ፣ ሃምሳን የተሻገረች ሴት ናት። ትከሻዋ ሰፊ ነው። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ከገንዳው ወዲያ ማዶ ያለ ልጅ ይሰማታል። ሁሉም ሰው «ኮች» ነበር የሚላት፤ ልጆቹም፣ ወላጆቹም፣ የገንዳው ኃላፊ ቴዎም። ሁሉም አንቺ ይሏታል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ደራሲ መሆኔን ነግሬ «እርስዎ» ብላት፣ «ደራሲው፣ እዚህ ውሃ ውስጥ እርስዎ የሚባል የለም። ሁሉም እርጥብ ነው» አለችኝ።

ፀጉሯ ጥቁር ነበር። ቀለም መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ እሷም ከእኔ አልደበቀችም። ከሥሩ ሸብቶ ያለቀ ፀጉር ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ሱቅ ያላት ቲና የምትባል ፀጉር ሠሪ ነበረች የምትቀባላት። ቀለም የተቀባ ፀጉር ይዞ ውሃ ውስጥ መዋል ምን ያህል ልፋት እንደሆነ የገባኝ ግን ቀስ እያለ ነው። የገንዳው ክሎሪን ቀለሙን ይበላዋል፤ የተረፈውን የበጋ ፀሐይ ያነጣዋል። ሁለቱ ሲተባበሩ ጥቁሩ መጀመሪያ ቡናማ ይሆናል፣ ቆይቶ የዛገ ቆርቆሮ ይመስላል፣ ጫፉም እንደ ገለባ ይሰባበራል።

«ደረቅ ፀጉር እንደ ደረቅ ስፖንጅ ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «ደረቁን ይዘኸው ከገባህ ክሎሪኑን ይጠጣል። አስቀድመህ ንጹሕ ውሃ ካጠጣኸው ግን ይጠግባል፤ ሌላ አይቀበልም።» ከዚያ ራሴን አየችና፣ «አንተ እንኳ አትቸገር፤ የሚጠጣ የለህም» አለች።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወደ ገንዳው ከመውረዷ በፊት ሠራተኛ ሻወር ገብታ ፀጉሯን በንጹሕ ውሃ ታርሰዋለች። ከሥር እስከ ጫፍ የኮኮናት ዘይት ትቀባዋለች። ጠቅልላ በስስ ጨርቅ ትሸፍነዋለች፤ በላዩ ላይ የላስቲኩን ቆብ ታጠልቃለች። ከውሃ ስትወጣ፣ ሌላ ነገር ሳትነካ፣ ወዲያው ትለቀልቀዋለች። ገንዳው ዳር ስትቆም ሻሽ ታስራለች፤ ከሻሹ በላይ ሰፊ የሣር ባርኔጣ ትደፋለች። ሰዎች ሲያይዋት የምትኩነሰነስ ይመስላቸው ነበር።

«ለምን ይሄን ሁሉ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሽበቴን ያየች እናት ልጇን አትሰጠኝም። ሐኪም ሲያረጅ በቃ ልምድ አለው ይሉታል። ዋና አስተማሪ ስታረጅ ግን ልጄን ይዛ ትሰምጣለች ነው የሚሉት።» ወደ ገንዳው አየች። «ልጅ ከሌለ ደግሞ ሥራ የለም። እኔ ከዚህ ሌላ ውሃ የለኝም። ሐዋሳ ሩቅ ነው።»

ነገሩ ሁሉ ይኸው ነበር። የጥቁር ፀጉሯ ዕድሜ የሥራዋ ዕድሜ ነበር።

የካቲት ሲገባ ውሃ ጠፋ። ለሆቴሉ ቦቴ መኪና ውሃ ያመላልስ ጀመር፤ ቴዎም የሠራተኛውን ሻወር ቆለፈው። የእንግዶቹ ክፍት ነው። «ውሃው ለእንግዶች ብቻ ነው፤ ትእዛዙ ከላይ የመጣ ነው» አላት። ከላይ ማን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው ሆቴሉ መግቢያ ላይ ያለው ፏፏቴ በዚያ ሁሉ ወር አንድ ቀን አለማቋረጡን ነው። ሰው ቆሞ ፎቶ የሚነሳበት ፏፏቴ ቀኑን ሙሉ እየወረደ፣ ለአንዲት ሠራተኛ ራስ አንድ ባልዲ ውሃ ጠፋ።

ዓለሚቱ ውሃ ከቤቷ ማምጣት ጀመረች። ጀሞም ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በተራዋ ቀን ትቀዳና ትንሽዬ ቢጫ ጀሪካን ሞልታ ሚኒባስ ላይ ትወጣለች። ረዳቱ፣ «ማዘር፣ ጀሪካኑ የሰው ቦታ ይዟል፤ ይከፈልበት» ብሏት፣ «ጭኔ ላይ ነው ያለው። ለጭኔም ልክፈል?» ስትለው ታክሲው በሙሉ እንደሳቀ ነገረችኝ። ማዘር መባሉን ከረዳት አልጠላችውም። ረዳት ሁሉንም ማዘር ነው የሚለው።

ጀሪካኑ ሁለት ቅዳሜና እሑድ እንኳ አልቆየም። ቴዎ ውሃ ተሸክማ የምትገባ አስተማሪ የሆቴሉን ገጽታ ታበላሻለች አለ። በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ ኢታና ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ «ትእዛዝ ነው ኮች፤ እዚህ ላስቀምጥልሽ» ብሎ ተቀበላት። ጀሪካኑ እንደሞላ ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ ቆመ።

ከዚያ ወዲያ ፀጉሯን በደረቁ ዘይት ብቻ እየቀባች ትገባ ነበር። ከገንዳው ስትወጣ ክሎሪኑ ሳይለቀቅ በላዩ ላይ ይደርቃል፤ ጀሞ እስክትደርስ ፀሐዩ ይመታዋል። ቲና ደግማ ቀባችላት። ደግሞ ዛገ። ቲና ተናዳ፣ «ወይ ሥራሽን ቀይሪ ወይ ቀለምሽን። እኔ እቀባለሁ፣ ያ ገንዳ ያጥባል፤ ደመወዝ የሚከፍለኝ መስሎሻል?» ብላታለች። ዓለሚቱ ይህን ስትነግረኝ ለመሳቅ ሞከረች። ከሻሹ ሥር የወጣችው ዘለላ ግማሿ ነጭ፣ ግማሿ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለች ነበረች።

ያን እሑድ ፀሐዩ የመጋቢት ፀሐይ ነው፤ አናት ይበሳል። ዓለሚቱ ቅበላ የምትል ሰው አይደለችም፤ ጴንጤ ናት። ከጠዋት አምልኮ መጥታ፣ ያኤል የምትባል ትንሽ ልጅ ፊቷን ውሃ ውስጥ እንድትነክር ስታባብል ቆየች። ልጅቱ የገንዳውን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጋ ይዛለች። ዓለሚቱ ለመተንፈስ ወጥታ ቆቧን አወለቀች። ቆቡ ራሷን አጥብቆ ያማት ነበር። ሻሹን ለማሰር ስትል እጇ ላይ ቀረና ፀጉሯ በሙሉ ታየ።

የያኤል እናት ቤተልሄም የተባለች፣ በሥርዓት ያደገች ወጣት ሴት ናት። ፀጉሩን እንዳየች ከወንበሯ ተነሣች።

«እማማ፣ ኧረ ይቀመጡ። በእናትዎ። ፀሐዩ ከባድ ነው።»

«ደህና ነኝ የኔ እመቤት፤ ልጅሽን ልጨርስላት።»

«አይ፣ እንዴት ተደርጎ። እርስዎ ቆመው እኔ ልቀመጥ?» ወንበሩን ጎትታ ከዓለሚቱ ኋላ አስጠጋችው። በቅን ልቧ ነው። ከዚያ ወደ ቴዎ ዞር ብላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግን እኔም እንድሰማው በሚያደርግ ድምፅ፣ «እኚህን እናት በዚህ ዕድሜያቸው ውሃ ውስጥ ማዋል ነውር አይደለም እንዴ?» አለችው።

እናቴ ትዝ አለችኝ። ዕድሜዋን በሙሉ ሰሌዳ ፊት ቆማ የኖረች አስተማሪ ነበረች። ጡረታ በወጣች ሰሞን፣ አውቶቡስ ውስጥ ወጣቶች ተነሥተው ቦታ ሲለቁላት ፊቷ ልክ አሁን የዓለሚቱ ፊት እንደጠቆረው ይጠቁር ነበር። ቤት ስትገባ፣ «እግሬ ምን ሆነ አልኳቸው?» ትል ነበር። እኛ ልጆቿ እንስቅ ነበር። እናቴ ከሞተች ቆየች። እዚህ አገር ሰውን ከቦታው ለማስነሣት ክፉ መናገር አያስፈልግም፤ ወንበር መሳብ ይበቃል።

ቴዎ መጣ። ሁለት እጁን አጣምሮ፣ ጎንበስ ብሎ። ሳምንት ሙሉ «ኮች ነይ፣ ኮች ሂጂ» ሲላት የነበረ ልጅ ነው።

«ማዘር፣ ደከመዎት አይደል?»

ዓለሚቱ አየችው። «ማንን ነው?»

«እርስዎን ነው እንጂ። እኔ እኮ ሳስብልዎት ነበር። ከነገ ጀምሮ ፎጣና የቁም ሣጥን ቁልፍ መስጫው ጋ አረፍ ብለው ይቀመጡ። ጥላ አለው። ለልጆቹ ወጣት አስተማሪ እናመጣለን።»

«ትናንት ኮች ነበርኩ።»

«አሁንም ኮች ነዎት፣ ማዘር። አክብረንዎት ነው።»

«አክብረኸኝ ከሆነ ሻወሩን ክፈትልኝ።»

ቴዎ ፈገግታው ሳይለቀው ወደ ቤተልሄም አየ።

«አየህ» አለች። «ሽበቴን ያወጣኸው አንተ ነህ። ውሃ ከለከልከኝ፤ ጀሪካኔን በር ላይ አስቀረህ። አሁን ደግሞ ሸበትሽ ብለህ ወንበር ትሰጠኛለህ።»

«ኧረ ማዘር፣ ሰው እየሰማ ነው…»

«ይስማ። ማዘር አትበለኝ፤ እኔ አልወለድኩህም። ብወልድህ ኖሮ ዋና አስተምርህ ነበር።»

ከጥብስ ጠረጴዛዎቹ በኩል ሳቅ ተሰማ። ቴዎ የገንዳው ኃላፊ ሆኖ ከወገቡ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንደማያውቅ የማያውቅ ሠራተኛ የለም። ቤተልሄም ግን አልሳቀችም። ምን እንዳጠፋች አልገባትም፤ ባዶ ወንበሩን ይዛ ቆማ ቀረች። «እኔ እኮ ለእርሳቸው ብዬ ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። እውነቷን ነበር። በዚህም ተናደድኩ፤ የምናደድበት ሰው እንኳ በወጉ አልተገኘልኝም።

ዓለሚቱ ቆቡንና ሻሹን ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። ዘይት አልደገመችም። ፀጉሯን አላረጠበችም። ደረቅ ስፖንጅ ነው እንዳላለችኝ ሁሉ፣ ደረቁን ፀጉሯን በትከሻዋ ላይ በትና ጥልቅ ወደሆነው ዳር ሄደች፤ ገባችም። ሲረጭ አልሰማሁም። በውሃው ሥር ያ ነጭና ዝገት የሆነ ፀጉር ከኋላዋ ተዘርግቶ ታየኝ። አንድም ጊዜ ሳትወጣ ገንዳውን እስከ ጫፍ አቋርጣ፣ ያኤል አጠገብ ብቅ አለች።

ልጅቱ ጠርዙን እንደያዘች አየቻት። «ኮች፣ ፀጉርሽ ረጠበ።»

«ረጠበ። ምን ሆንኩ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው አንቺም ፊትሽን ንከሪ።»

ያኤል ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ውሃው ላይ አደረገች። እስትንፋሷን ጨርሳ ቀና ስትል ዓለሚቱ ደረጃውን ወጥታ ነበር።

ቴዎ በምን ሐሳብ እንደሆነ አላውቅም፣ ሮጦ የእንግዶቹን ሻወር ከፈተ። ንጹሑ ውሃ ሲሚንቶው ላይ ይወርድ ጀመር። «በሉ ይታጠቡ፣ ኮች» አለ። ማዘር አላለም። እሷ ልብሷን በእርጥብ ገላዋ ላይ ደርባ፣ ቦርሳዋን አንሥታ፣ በሻወሩ አጠገብ አለፈች። ሻሹንም ባርኔጣውንም አልወሰደችም። ክሎሪኑ ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ፣ አናቷ ለፀሐዩ እንደተገለጠ፣ ወደ በሩ ሄደች። ውሃው ማንም ሳይቆምበት ሲፈስ ቆየ።

እኔ እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ነበርኩ። ስሟን ጠራሁ መሰለኝ። ውሃ ውስጥ ሆኖ የቸኮለ ሰው የትም አይደርስም፤ እግሬን ባነሣሁ ቁጥር ገንዳው ወደ ኋላ ይጎትተኛል። ደረጃው ጋ ደርሼ፣ ጫማ ሳላደርግ በጋለው ሲሚንቶ ላይ እየዘለልኩ በር ላይ ስደርስ ኢታና ብቻውን ቆሟል። ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ ጀሪካኑ ቆሞበት የነበረው ቦታ ባለአራት ማዕዘን እርጥበት ቀርቶበታል።

«ሄደች» አለኝ። «ጀሪካኗን ይዛ የጀሞ ታክሲ ላይ ወጣች። እንደሞላ።»

ሌላ ውሃ የት እንደምታገኝ ልጠይቃት ነበር።