የጀርመኑ ሙያ

«ቀጥቃጭ ነው ያልከኝ?»

«ቀጥቃጭ ነው ያልኩዎት።»

«የደሳለኝ ቤተሰቦች አያታችን የንጉሥ መሐንዲስ ነበር ሲሉ አይደለም እንዴ የኖሩት?»

«እነሱ ይበሉ። መዝገቡ የሚለው ቀጥቃጭ ነው። አባቱም ቀጥቃጭ።»

አቶ ፈንታ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንተ ልጅ፣ ምን ፈልገህ ነው ከእስቴ ንፋስ መውጫ ድረስ የመጣኸው?» ጠርጥረውኝ ነበር። ልክ ነበሩ።

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው።

ደሳለኝ ጓደኛዬ ነበር። እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ አንድ ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይተን ጎን ለጎን እንኖር ነበር። ከአያቶቹ አንዱ፣ ጋፋት ላይ ለንጉሡ መድፍ ከሠሩት ጀርመኖች ነው ይባላል። ቤተሰቡ ሲያነሳው «መሐንዲሱ» እያለ ነው። ደሳለኝ ይህን ሰው ሊያገኘው ፈለገ፤ ጀርመን አገር ላሉ አብያተ ክርስቲያናት ጻፈ። ደብዳቤውን በጀርመንኛ ያዘጋጀሁለት እኔ ነኝ፤ ቋንቋውን ከስልኬ ላይ በራሴ ነው የተማርኩት። አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን የድሮ የጥምቀት መዝገቡን ፎቶ አንስቶ ላከልን። ያን የተጠማዘዘ የእጅ ጽሑፍ ፊደል በፊደል የፈታሁትም እኔ ነኝ። የሕፃኑ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የአባቱ ሙያ፦ ብረት ቀጥቃጭ። ከጎኑ በሌላ ሰው እጅ፦ ልጁም በአባቱ ሙያ ሠርቶ ወደ ሐበሻ አገር ሄደ።

ደሳለኝ ሳቀ። «ታዲያ መድፉን በጸሎት ሊሠራው ኖሯል? ለአማቴ ብቻ እንዳትነግርብኝ!»

አማቱ ሊሆኑ የነበሩት አቶ ፈንታ ናቸው፣ የትርንጎ አባት። ሽማግሌ ሊላክባቸው ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። እኛ አገር ነጭ አያት መቁጠር ያኮራል። ቀጥቃጭ ግን ቡዳ ነው ይባላል፤ ዓይኑ ሰው ይበላል ተብሎ ይፈራል፣ ልጅ አይሰጠውም። እኔ ይህ ከንቱ ወሬ እንደሆነ ግጥም ጽፌ፣ ሕዝብ ፊት አንብቤ፣ ተጨብጭቦልኛል። ያው እኔ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄጄ ነገርኳቸው።

ለምን? ያኔ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ጥርጣሬ ነበር። ደሳለኝ ጀርመኑን የሚፈልገው ለምንድን ነው? ዘሩን አስቆጥሮ ሊወጣ አይደለም? ትርንጎን አግብቶ ጥሏት ሊሄድ አይደለም? ስልኩን ገልብጦ ሲያስቀምጥ እጠረጥር ነበር። ሲስቅ እጠረጥር ነበር። ዝም ሲልማ ይብስብኝ ነበር። ግን ከእሱ ይልቅ መጠርጠር የነበረብኝ ራሴን አልነበረም? ትርንጎን እኔም እወዳት ነበር። አንድ ቀን ግጥም ጽፌ ብሰጣት፣ «እንዴት ያምራል! ለደሳለኝ አሳየው» አለችኝ።

አልዋሸሁም። ክፋቱም እሱ ነው። ብዋሽ አንድ ቀን ይጋለጥ ነበር። እኔ እውነቱን ወስጄ፣ የት እንደሚወጋ አይቼ፣ እዚያው ሰካሁት። እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ሽማግሎቹ «የቀጥቃጭ ዘር ቤቴ አይገባም» ተብለው ተመለሱ። አቶ ፈንታ ብዙም ሳይቆዩ ትርንጎን ስማዳ ላለ ሰው ዳሯት።

ሽማግሎቹ በተመለሱ ማግስት ደሳለኝ ክፍሌ መጥቶ አልጋዬ ላይ ተቀመጠ። ያውቅ ይሆን? እየጠበቀኝ ይሆን? መዝገቡን ሌላ ሰው ያየው ለማስመሰል፣ «ስልክህን ማን ነክቶት ነበር?» የምትል መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን አልጠየቀኝም።

«ማን እንደነገራቸው ማወቅ አልፈልግም» አለ። «ከጠዋት ጀምሮ ቀና ብሎ ያየኝ ሰው የለም። እስቲ አንተ እየኝ።»

አንገቴን ደፋሁ። ከሐፍረት ነበር። ነበር እንዴ? ከዚያ ሁሉ ግጥም በኋላ፣ ትንሽ ፍርሃትም አልነበረበትም? ዛሬም አላውቅም።

«አንተም ዓይኔን ፈራኸው?»

«አይደለም» ብዬ ብመልስለት፣ «ታዲያ ምንድን ነው?» ይለኛል። ዝም አልኩ። የገዛ ጓደኛው ሳይቀር ቡዳ ነው ብሎ እንዳመነበት እያሰበ ይሂድ ብዬ ፈረድኩበት። ከመጀመሪያው በደል ይህ ይከፋል። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የሚችለው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ምን እንዳደረግኩት አያውቅም።

 ከዚያ ተነሣ፣ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።