የሮማነወርቅ የማታ ቅባት

ሮማነወርቅ ከደሴ ወደ ዱብቲ የወረደችው የጥጥ እርሻው ሚዛን የሚያነብ ሰው ሲፈልግ ነው። በጥቂት ወር ውስጥ ለቃሚው ሁሉ ጆንያውን ተሸክሞ እሷ ፊት መሰለፍ ለመደ፤ ሚዛን አታዛባም፣ ሰው አትቆጣም። እሷም ሥራዋን ወደደችው። በራሷ ደመወዝ የገዛችው አልጋ፣ መስኮቷ ወደ አዋሽ የሚያይ አንዲት ክፍል፣ አመሻሽ ላይ ሱልጣና ሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ መሳቅ፤ ደሴ እያለች ይኼ ሁሉ በሕልሟም አልነበረም።

ያላሰበችው ፀሐዩን ነው። ሚዛኑ የተተከለው ገላጣ ሜዳ ላይ ነው። ጥላ እንዳትይዝ ሁለቱም እጇ ሥራ ይዟል፤ ሻሿን ወደ ግንባሯ ብትስበው ነፋሱ መልሶ ይገፈዋል። አፍንጫዋና ጉንጯ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ እንደ ሽንኩርት ይላጥ ጀመር።

ይኼን ያየ አንድ የአገር ሰው ደሴ ሲመለስ ለእናቷ አጋኖ ነገራቸው። ብዙም ሳይቆይ ታላቅ ወንድሟ ሀብተ ሥላሴ በሹፌር አፍ ቃል ላከባት፤ "ከገና በፊት እመጣለሁ። የተባለው እውነት ከሆነ ጓዝሽን ሸክፊ፣ ይዤሽ ነው የምመለሰው።"

ሮማነወርቅ የዚያኑ ዕለት ሱልጣና ዘንድ ገባች።

"ሱልጣናዬ፣ ለዚህ ፊት አንድ መላ ካልፈለግሽለት ወንድሜ እንደ ጥጥ ጭኖ ነው የሚወስደኝ።"

ሱልጣና ባቲ ተወልዳ ዱብቲ ላይ ሱቅ የከፈተች፣ እጇም አፏም የማያርፍ ሴት ናት። ያላትን አውጥታ ባንኮኒው ላይ ደረደረችላት።

"ይኼ ቫዝሊን ነው። ለተረከዝ አንደኛ፤ ፊትሽን ከተቀባሽው ግን አቧራው ተለጥፎብሽ የጭቃ ግድግዳ ትመስያለሽ። ይኼኛው ደግሞ ሽታው ነው እንጂ ሌላ ሙያ የለውም፤ ሙሽሮች ናቸው የሚገዙኝ።"

"ይኼስ?" ሮማነወርቅ ያነሣችው እንደ ጥርስ ሳሙና ያለ ቢጫ ቱቦ ነው። ላዩ ላይ ፀሐይ ተሥሏል፤ ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ነው።

"እሱ ከጅቡቲ የመጣ ነው። ለፀሐይ ነው ብለውኛል። ፈረንጆቹ ይወስዱታል።"

"ለፀሐይ ከሆነማ ይኼው ነው።"

ምርጫውን አልሳተችም። የሳተችው አጠቃቀሙን ነው። ሮማነወርቅ ቅባት ተቀብቶ ፀሐይ የወጣ ሰው ምች ይመታዋል፣ ከንፈሩ ይቆስላል፣ ራሱን ይፈልጠዋል እየተባለች ነው ያደገችው። ስለዚህ ማታ ከሥራ ገብታ፣ ተጣጥባ፣ በሯን ዘግታ ትቀባለች። ጠዋት ደግሞ አንዲት ጠብታ እንዳይቀርባት በሳሙና ፈግፍጋ ታጥበውና ወደ ሚዛኗ ትሄዳለች። ፊቷም መላጡን ቀጠለ።

"እትዬ ሮማን፣ ዛሬስ ስንት ኪሎ ተላጠ?" ይሏታል ለቃሚዎቹ። እሷም አብራቸው ትስቃለች፤ ወንድሟ እስኪመጣ የቀረውን ቀን ግን ትቆጥራለች።

በመጨረሻ ቱቦዋን ይዛ ተመለሰች። "ሱልጣናዬ፣ ፀሐይሽ አልሠራም።"

ደጃፉ ላይ ከድሩ ሻይ ይጠጣል። የአሰብ መስመር ሹፌር ነው፤ በጎረምሳነቱ ጅቡቲ ወደብ ሠርቶ ፈረንሳይኛ ለቃቅሟል። "እስቲ አምጪው" አለና ቱቦውን ወደ ብርሃን አዞረው። "ፀሐይ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ይቀቡ ይላል። ሲያልብዎት ይድገሙ ይላል። አንቺ መቼ ነው የምትቀቢው?"

"ማታ።"

ከድሩ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ማታ ምን ፀሐይ አለ?"

"ታዲያ ቀን ተቀብቼ ምች ይምታኝ?"

ሱልጣና ባንኮኒውን ተደግፋ ተንፈቀፈቀች። "ወላሂ ጨረቃን ስትከላከዪ ነው የከረምሽው። ምች የሚጠራው ቅቤ ነው፣ ምግብ ምግብ የሚሸት ነገር። ይኼ ምኑ ይሸታል?"

"ፈረንጅን ምች አያውቀውም። እኔን ግን ያውቀኛል።"

ከድሩ እጅጌውን ሰብስቦ ሁለቱን ክንዶቹን ጎን ለጎን ዘረጋላት። በመኪናው መስኮት በኩል የሚውለው ግራ ክንዱ ከቀኙ ጠቁሮ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። "ፀሐይ እንዲህ ነው እህቴ። ቅባቱን ብቻ አትመኚ፤ ሰፊ ኮፍያ ድፊበት፣ ነፋስ እንዳይወስደው ክር አበጅተሽ አገጭሽ ሥር እሰሪው።"

በማግስቱ ጠዋት ሮማነወርቅ መስታወት ፊት ብዙ ቆመች። ምችም ያስፈራል፣ ጓዝ ጠቅልሎ ደሴ መግባትም ያስፈራል። የኋለኛው በረታባት። ፊቷን፣ ጆሮዋን፣ ማጅራቷን ለቀለቀችው። ለምናልባቱ ግን እናቷ የሰጧትን ደረቅ ዳማከሴ፣ የምቹን መድኃኒት፣ በሻሿ ጫፍ ቋጠረች።

"እትዬ ሮማን፣ ወፍጮ ቤት ነው እንዴ ያደርሽው?" አሏት ለቃሚዎቹ ነጭ ፊቷን አይተው። እኩለ ቀን ላይ ሲያልባት ዞር ብላ ደገመች። ማታ ከንፈሯን ብትዳብሰው ደህና ነው፤ ራሷንም አላመማት። ከዚያ ወዲያ ኮፍያና ቅባት ሳትይዝ ሜዳ አልወጣችም፤ ቆዳዋም ቀስ እያለ ጠገገ።

ሀብተ ሥላሴ የመጣው ጋቢናው ሞልቶበት ጭነት ላይ ተቀምጦ ነው። ሱልጣና ሱቅ ደጃፍ ወርዶ እህቱን አገላብጦ ሳመና አገጯን ይዞ ፊቷን ወዲህና ወዲያ አዞረው።

"የታለ?"

"ምኑ ወንድም ጋሼ?"

"ተላጠ የተባለው።"

"እሱ ወዳንተ ሳይዞር አልቀረም" ብላ የሱልጣናን መስታወት አቀበለችው። አፍንጫው በርበሬ መስሏል።

በማግስቱ ሚዛኑ ዘንድ ቆሞ ሲያያት ዋለ። ሰልፉን አየ፣ ቀልዱን ሰማ። ማታ ስለ ጓዝ ያነሣ ሰው የለም። ሊመለስ ሲል "እማዬን ደህና ናት እላታለሁ" አለና፣ እህቱ የሰጠችውን አዲስ ቱቦ ኪሱ ከተተ። "ማታ ደሴ ስገባ እቀባዋለሁ።"

"አሁን ነው እንጂ የሚቀባው።"

"ጭነት ላይ እየዋልኩ? ምች ይምታኝ እንዴ?"

ሮማነወርቅ ሱልጣናን አየቻት፤ ሱልጣና ፊቷን ወደ ሱቁ መለሰች፣ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ሮማነወርቅ ቱቦውን ከኪሱ አውጥታ አፍንጫው ላይ ጨመቀችለት። እሱ ሲያጉረመርም፣ የሻሿን ቋጠሮ ፈታች፤ ቱቦውን እጁ ላይ አስጨብጣ ዳማከሴውን በቦታው ኪሱ አስገባችለትና መኪናው ላይ እንዲወጣ ገፋ አደረገችው።