በዲሽ ያየናት እንግሊዝ

የእህቴ ቪዛ የመጣ ለት እናቴ መርካቶ በርበሬ በረንዳ ያለውን ሱቃችንን በጠራራ ፀሐይ ዘግታ ለጎረቤት ነጋዴዎች ሁሉ ለስላሳ አጠጣች። ሱቅ በቀን መዝጋት ለእናቴ የማይታሰብ ነገር ነው። አባታችን ሲሞት እንኳ ሐዘኗን በቅጡ ሳትጨርስ ዛላ በርበሬዋን ስትቀነጥስ ነው የተገኘችው። ከወሎ መጥታ፣ ሁለት ሴት ልጆች በበርበሬ አሳድጋ፣ እያስነጠሰች አስተምራ ለወግ ያበቃች ሴት ናት። ያን ቀን ግን ጆንያዎቿን አልፋ በረንዳው ላይ ቆመችና «ልጄ ባሏ ጋ ልትሄድ ነው፤ አልሐምዱሊላህ!» አለች።

የእህቴ ባል የሰፈራችን ልጅ ነው። ለንደን ዳቦ ፋብሪካ ይሠራል። ኒካህ ያሰሩት እኛ ቤት ነበር፤ ወር ያህል አብረው ሰንብተው እሱ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ እሷ ደግሞ ወረቀቷን መጠበቅ ያዘች። ጊዜው ሚሌኒየሙ ሊገባ ወራት የቀሩት ነበር። መርካቶ ውስጥ በየቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ዲሽ እንደ እንጉዳይ የፈላበት ዘመን ነው። እኛም ቤት ይኸው አማቿ ለእናቴ ያስገባላት ዲሽ አለ። እናቴ የምታየው የህንድ ፊልም ብቻ ነው። ቋንቋውን አታውቅም፤ ማልቀስ ያለባት ቦታ ላይ ግን አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

ቪዛው በመጣ በሳምንቱ ይመስለኛል፣ እህቴ የእንግሊዝኛ ዜና ስትፈልግ ያ ነገር መጣ። እንግሊዝ አገር አንድ ፕሮግራም አለ። ስመ ጥር ሰዎችን አንድ ቤት ውስጥ ዘግተው፣ ሲበሉም ሲተኙም ሲጣሉም በካሜራ እየቀረጹ ለሕዝብ ያሳያሉ። ከገቡት ሰዎች አንዷ የህንድ የፊልም ተዋናይ ነበረች።

«ቆይ ቆይ፣ አትቀይሪው!» አለች እናቴ። «ይቺ ከኛዎቹ አንዷ አይደለች?»

ነበረች። ቤት ውስጥ ያሉት ነጭ ሴቶች አነጋገሯን እያስመሰሉ ይስቃሉ። የሠራችውን ምግብ በጣታቸው ጫፍ ገፉት። አንዷ አፏን አጣማ የሆነ ነገር ተናገረቻት፤ ህንዷ ተነስታ ግድግዳ ጥግ ሄዳ አለቀሰች።

«ምን አለቻት?» አለች እናቴ።

እህቴ ወደ እኔ አየች። «ሥነ ሥርዓት የላቸውም እማ፣ ተይው።»

«ምን አለቻት ነው የምልሽ!»

«አገርሽ ግቢ አለቻት።»

 እናቴ ነጠላዋን አጣፋችና «ይቺ እንኳን፣ ባለ ስሟ፣ ባለ ገንዘቧ!» አለች። «ያውም ካሜራ እያያቸው! ካሜራ በሌለበት የኔን ልጅ ምን ሊሏት ነው?»

«እማ፣ ይሄ ቴሌቪዥን ነው። ሰው እንዲያይላቸው ሆን ብለው ነው የሚያጣሏቸው።»

«እሺ፣ ያጣሏቸው። ስድቡንስ ማን አስተማራቸው?»

በማግስቱ የእህቴን ፓስፖርት ወስዳ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። አትሄጂም አላለችም። «ላስብበት» ነው ያለችው። እናቴ ደግሞ ላስብበት ስትል የበርበሬ ዋጋ እስኪወርድ እንደምትጠብቅ ነጋዴ ናት፤ አትቸኩልም።

እህቴ ማታ ማታ ትራሷ ላይ ታለቅስ ነበር። እኔ በአልጋው ሌላ ጫፍ ተኝቼ እሰማታለሁ። ባሏ ሲደውል ነገሩን ነገረችው፤ እሱም ሳቀና «እኔን እስካሁን ማንም አልበላኝም በያት» አለ። እናቴ ግን «እሱ ወንድ ነው፤ ደግሞ ቢሰደብስ ለአማቱ ይናገራል?» ብላ አጣጣለችው።

በረንዳው ላይ ወሬው ሌላ አልነበረም። ሱቁ ከኛ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የሚሸጥ ሽማግሌ ጎረቤት ነበረን፤ ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን፣ እናቴም ጭምር። ሲሰማት ቆየና «ስሚ፣ አራት ባለጌ ታይቶ በአገር አይፈረድም» አላት። «እኛን ፈረንጅ በምን ነበር የሚያውቀን? በድርቅ። ዝንብ ፊቱን የወረሰው ሕፃን ነው ሲያሳዩ የኖሩት። ያው ያንቺው ወሎ ነው። እኛ ያ ብቻ ነን?»

እናቴ የያዘችውን ዛላ በርበሬ አስቀመጠች። ስለዚያ ዘመን ስታወራ ሰምተናት አናውቅም፤ ታላቅ ወንድሟን በዚያ ነው ያጣችው።

«ያ ብቻ አይደለንም፣ ጋሼ» አለች። «ግን ውሸት ነበር እንዴ?»

 ጋሼ ዘነዘናውን አነሳና መውቀጥ ጀመረ።

በዚያው ሰሞን አንዲት የሰፈራችን ልጅ፣ ብዙ ዓመት ለንደን የኖረች፣ አባቷን ልትጠይቅ መጥታ ነበር። እናቴ ምርጥ የማረቆ በርበሬ ቋጥራ፣ እኔን አስከትላ ሄደች። አባትየውን ጠይቃ፣ ጤና ተባብላ፣ ከዚያ ሌላ ወሬ ሳታስቀድም «ልጄ፣ አገሩ እንደዚያ ነው ወይ?» አለቻት። ሴትዮዋ ምኑን እንደሆነ ወዲያው ገባት። ለካ ፕሮግራሙን እዚያው ሆና ማየት ጀምራ ኖሯል።

«ምን ልበልዎት፣ እትዬ» አለች። «እኔ የምሠራው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ላጥባቸው ስቀርብ ‘በጥቁር እጅሽ አትንኪኝ’ ይሉኝ ነበር። እስኪሞቱ ድረስ አልተዉኝም። ልጃቸው ግን ልትጠይቃቸው በመጣች ቁጥር ኮሪደሩ ላይ ቆማ ይቅርታ ትለኛለች፤ እንባዋ እየመጣ። አባትየውም እንግሊዝ ናቸው፣ ልጅየዋም እንግሊዝ ናት። የቱን ነው አገሩ ይሄ ነው ብዬ የምነግርዎት?»

«አንቺ የቱን ታያለሽ?»

 «ፊት ለፊት የሚሳደብ ብዙ አይደለም። የሚያደክመው ሌላው ነው። ፈገግ ብሎልዎት ሥራውን ለሌላ የሚሰጠው። እነዚያ ሴቶች እኮ አገር የተንጫጫባቸው ጮክ ብለው ስለተናገሩት ነው። በሥራ ቦታዬ በነሱ በጣም የተቆጣችው አንዷ ናት፤ እሷ ራሷ ስሜን አስተካክላ ጠርታኝ አታውቅም።» ከዚያ የእናቴን እጅ ያዘችና «ግን እትዬ፣ እኔ ልጆቼን እዚያ ነው የወለድኩት። ክፉ ብቻ ቢሆን ይሄን ሁሉ ዓመት እኖር ነበር?» አለቻት።

 ተመልሰን ቤት ገባን፤ ፓስፖርቱ ግን ከቁም ሣጥኑ አልወጣም።

ነገሩን የቀየረው ተከራያችን ነው። የጓሮውን ክፍል ከጋምቤላ የመጣ የኮሌጅ ተማሪ ተከራይቶት ነበር። ቁመቱ በራችንን ጎንበስ ሳይል የማያስገባው፣ ዝምተኛ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ማታ ማታ ዜና ለማየት ይመጣል፤ እናቴም እራት ሳታቀርብለት አታድርም፣ «ልጄ» ነው የምትለው። አንድ ምሽት ዜናው ስለዚያው ቤት ሲያወራ እናቴ እንደ ልማዷ መራገም ጀመረች። «የሰው ቀለም የሚንቁ! አላህ የፈጠረውን!» አለችና ወደ እሱ ዞረች። «አንተስ የተማርክ ነህ፣ ምን ትላለህ?»

ልጁ ፈገግ አለ። «እትዬ፣ እኔ ከአውቶቡስ ተራ እስከዚህ ስመጣ የሚሉኝን ቢሰሙ ለንደንን አይፈሯትም ነበር።»

«ምን ይሉሃል?»

ነገራት። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም፤ አገሬው ያውቀዋል። ሰው በገበያ ይሸጥ ከነበረበት ዘመን የተረፈ ቃል ነው።

«ማነው የሚልህ? የት ነው የሚሉህ?»

«የትም። እርስዎ ሱቅ ደጃፍም ብለውኛል።»

እናቴ ፊቷ ተለዋወጠ። «እኔ እያለሁ?»

«ነበሩ» አለ፤ በድምፁ ቂም የለም። «ደላሎቹ ቆመው ነበር። ሲስቁ እርስዎም ፈገግ አሉ። ቃሉን ልብ ያሉት አልመሰለኝም።»

 እህቴ ቴሌቪዥኑን ቀነሰችው። እናቴ «ታዲያ ለምን ትተኸን አልሄድክም?» አለችው።

«ትምህርቴን ማን ይማርልኛል? ደግሞ» አለና ከፊቱ ያለውን ሳህን አየ፣ «ሁሉም ቤት አንድ አይደለም። እዚህ ሲመሽ የምገባበት አለኝ።»

በማግስቱ እናቴ ደላሎቹ ደጃፏ ሲሰበሰቡ ብድግ ብላ «ያንን ቃል የሚናገር ሰው ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ደጃፍ ይፈልግ» አለቻቸው። ሳቁ። አንዱ ሊፈትናት ደገመው፤ ጆንያውን ከነሚዛኑ ወደ መንገዱ ገፍታ አወጣችበት። ከዚያ ወዲያ አንዳንዶቹ ቃሉን ተዉት፣ አንዳንዶቹ እኛን ተዉን። ገበያችን ትንሽ ቀዘቀዘ፤ እናቴ ስለዚያ አንስታ አታውቅም።

የፕሮግራሙ መጨረሻ ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ሆነ። የአገሩ ሕዝብ በየስልኩ ደውሎ ህንዷን አሸናፊ አደረጋት። እናቴ እልል አለች፤ ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ መጣ። ከዚያ ቁጭ አለችና «የመረጧት ወደዋት ነው ወይስ አፍረው?» አለች።

«ምን ለውጥ አለው፣ እማ?» አለች እህቴ።

«ማፈርም ደግ ነው» አለች። «የማያፍር ነው የሚያስፈራው።» ተነስታም ቁም ሣጥኑን ከፈተችና ፓስፖርቱን እህቴ ጭን ላይ አኖረችው። «አብሽሪ፣ ሂጂ። አንቺም ሲመሽ የምትገቢበት ቤት አለሽ። ብቻ የሚሉሽን ሁሉ ለኔ ንገሪኝ።»

እህቴ ሄደች፤ የሚሏትን ሁሉ ግን አልነገረቻትም። ለእኔ ነው የነገረችኝ። በመጀመሪያው ክረምት አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰካራም ሂጃቧን ጎትቶባታል። ሹፌሩ አውቶቡሱን አቁሞ፣ ሰካራሙን አስወርዶ፣ ልቧ እስኪረጋጋ ከጎኗ ተቀምጧል፤ ከተሳፋሪውም ቸኮልን ያለ አልነበረም። ልብስ አጠባ ቤት ስትሠራ ደግሞ አለቃዋ ስሟን መጥራት ከብዶኛል ብሎ ሌላ ስም አወጣላት፤ ሁለት ዓመት በዚያ ስም ሠራች። እናቴ በደወለች ቁጥር «ሰዉ እንዴት ነው?» ስትላት «ሰው ነው፣ እማ» ትላለች፤ እናቴም «እሱማ እሱ ነው» ብላ ታልፈዋለች።

የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቴ ልታርሳት ለንደን ሄደች። ያን ጊዜ የሆነውን እህቴ በስልክ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። ሕፃኑን በጋሪ ይዘው አውቶቡስ ይጠብቃሉ። አንዲት ወጣት ሴት ፌርማታው ላይ ቆማ እናቴን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና የማይደገም ነገር ተናገረቻት። እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዝቅ ብላ እጅ ነሳቻት። «ምን አለችኝ?» ስትል፣ እህቴ «ልብስሽ ያምራል አለችሽ» አለቻት።

እናቴ ስትመለስ በረንዳው ላይ ሰው ከቧት ነበር። «ወላሂ፣ ደግ ሕዝብ ነው» አለች። «ጎረቤቷ አሮጊት ሕፃኑ በተወለደ ለት ሹራብ ሠርታ አመጣች። መንገድ ላይ ያገኘችኝ ሴት ሳይቀር ልብስሽ ያምራል አለችኝ!» ጋሼ «አላልኩሽም?» ብሎ ሳቀ። እኔ ጆንያ የምፈልግ መስዬ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ማታ ሱቁን ስንዘጋ ሁለታችን ብቻ ቀረን። እናቴ ቁልፉን እያዞረች «አንቺ፣ ያቺ ሴት እኮ ልብሴን አላደነቀችም» አለች።

ደነገጥኩ። «በምን አወቅሽ?»

«ፊት አስተርጓሚ ይፈልጋል? እህትሽ ደግሞ ከንፈሯ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እጅ ነሳሻት?»

«ልጄ ከጎኔ ቆማ፣ ጨቅላ ይዛ፣ ምን ላድርግ? ጠብ ላንሳ? እናቴ አልሰማችም ብላ ትረፍ አልኩ።»

«ለጋሼስ ለምን እንደዚያ ብለሽ አወራሽለት?»

ቁልፉን ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችና ነጠላዋን አስተካከለች። «ሹራቡ እውነት ነው» አለች። «እሱን አምጥቼ ለጋሼ ባሳየው ደስ ይለኝ ነበር። ሌላውን እህትሽ እንደተረጎመችልኝ ነው የማወራው።» ከዚያ እጄን ይዛ በጆንያዎቹ መሀል እየመራችኝ ወደ ቤት ሄድን።

ለእህቴ ይህን እስካሁን አልነገርኳትም።