በረኪናው

የፊኛ ካንሰር እንደያዘኝ ለላስታ ዘመዶቼ አልነገርኩም። ጠዋት አዲስ አበባ ሐኪሞቹ መድኃኒቱን ፊኛዬ ውስጥ ጨመሩልኝና በአውሮፕላን ላሊበላ፣ አክስቴ ቤት ደረስኩ። መድኃኒቱ ሕያው ባክቴሪያ ስለሆነ፣ ለስድስት ሰዓት በሸናሁ ቁጥር እንዲገድለው ሽንቱ ላይ በረኪና መድፋት ነበረብኝ። ከሱቅ የገዛሁትን በጃኬቴ ሸሽጌ ሽንት ቤት ገባሁ።

ሸንቼ ገና ሳልደፋው አክስቴ በሩን ደበደቡት።

«ክፈት! በረኪና ይዘህ ስትገባ አይቼሃለሁ! ምን ልታደርገው ነው?»

ከፈትኩ። እውነቱን መናገር አፍሬ፣ «ሽንት ቤቱ ቆሽሾብኝ ነው» አልኩ።

ፊታቸው ጠቆረ። «አንተ ትመጣለህ ብዬ ዛሬ ነው ያጠብኩት።» ጠርሙሱን ነጥቀውኝ በባዶ እጃቸው ሊፈትጉ ጎንበስ አሉ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አይንኩት! ካንሰር አለብኝ፤ በሽንቴ የሚወጣው መድኃኒት ይጎዳዎታል።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ተመስገን!» አሉ እያለቀሱ። «ልትጠጣው መስሎኝ ነበር።»