እፉኝት ስትወልድ በዓይኔ በብረቱ አየሁ

ይህ የሆነው በጣሊያን ጊዜ ነው። ያኔ ገና ያልተዳርኩ ኮረዳ ነበርኩ። ዛሬ የትናንቱን ብረሳም ያቺን ቀን አልረሳትም፤ አንገቴን ቀና ያደረገችልኝ ቀን ናትና።

አገሬ ዲማ አካባቢ ነው። እናቴ እኔን በወለደች በሦስተኛው ቀን ሞተች። በእኛ አገር ደግሞ እፉኝት የእናቷን ሆድ ቀድዳ ነው የምትወለደው፣ እናትየዋ እዚያው ትሞታለች ይባላል። ያሳደገችኝ አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ በተቆጣች ቁጥር "አንቺ እፉኝት! እናትሽን የበላሽ!" ትለኝ ነበር። ሰፈርተኛውም ከእሷ ተቀበለ። አባቴ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፤ ግን ሲሉኝ እየሰማ ዝም ይላል። ከስድቡ ይልቅ አንጀቴን ያሳረረው ያ ዝምታው ነው።

አንድ ጠዋት ጣሊያን እየመጣ ነው ተባለ። አባቴ ለአርበኞች ስንቅ ያቀብል ስለነበር ካገኙት አይምሩትም። አባቴ፣ አክስቴና እኔ ሦስታችን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወስደው ገደል ወርደን አንዲት ጠባብ ዋሻ ውስጥ ተሸጎጥን። ወታደሮቹ መጥተው ከበላያችን አረፉ። ንግግራቸው ሁሉ ይሰማናል።

ዞር ስንል ከዋሻው አፍ ላይ እፉኝት ተጋድማለች! ክንድ የምታህል ወፍራም፣ ሆዷ የተነፋ። አክስቴ ልትጮህ ስትል አባቴ አፏን በእጁ አፈነው። ድንጋይ ብንወረውር ይሰማል፣ ብንወጣ እንታያለን። ምን ይደረግ? ቁጭ ብለን እናያት ጀመር።

እሷ ለእኛ ደንታም አልነበራት። ሰውነቷ ወደ ኋላ ይገፋ ጀመር። ከዚያ ጅራቷ ከሚጀምርበት፣ ከሥር ካለው ቀዳዳ፣ በስስ ልባስ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ልባሱ ተቀደደና ከስንዝር የማትበልጥ እፉኝት ምላሷን እያወጣች ብቅ አለች። ሌላ ተከተለ፤ ደግሞ ሌላ። ሃያ ድረስ ቆጥሬ ተምታታብኝ። አንዷም የእናቷን ሆድ አልቀደደችም።

ከልጆቹ አንዷ ወደ እኔ መጣች። አባቴ በዓይኑ "እንዳትነቃነቂ" አለኝ። ቁርጭምጭሚቴን ታክካ አለፈች። እኔ ግን ፍርሃቱ የት እንደገባ እንጃ! ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር። እናትየዋ ወልዳ ጨረሰች፣ ጥቂት አረፈች፣ ከዚያ ልጆቿን ዞራም ሳታይ እየተሳበች ወደ ቁጥቋጦው ሄደች። ከነሕይወቷ!

ከሰዓት በኋላ ወታደሮቹ ሄዱልን። ገና ከዋሻው እንደወጣን አላስቻለኝም።

"አዩ እቴቴ? የታለ የተቀደደው ሆድ?" አልኳት አክስቴን።

"እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ሲባል ሰምቼ ነው" አለች አንገቷን ደፍታ።

አባቴ ግን እንባው ወረደ። "እናትሽን የገደላት ትኩሳት ነው። አጠገቧ ነበርኩ፣ አውቃለሁ። ዝም ማለቴ ነው ጥፋቴ" አለኝ።

በዚያው ዓመት የእናቴን ዝክር ስንዘክር አባቴ እጄን ይዞ ከጓዳ አወጣኝና ከቄሶቹ ፊት አቆመኝ። "ይህቺ ልጄ የእናቷን ነፍስ አላጠፋችም። ከእንግዲህ እፉኝት የሚላት ሰው ደጄን እንዳይረግጥ!" አለ። ከጎኑም አስቀመጠኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ዕለት የተሰማኝን ኩራት ሙሽራ ሆኜ እንኳ አላገኘሁትም።

በቅርቡ አስተማሪ የሆነው የልጅ ልጄ ስለ እባብ ያወራኝ ጀመር። ብዙዎቹ እባቦች እንቁላል ይጥላሉ፣ የእፉኝት እንቁላል ግን እዚያው ሆዷ ውስጥ ይፈለፈላል አለኝ። ልጆቹ ከየት እንደሚወጡ እኔው ቀድሜ ነገርኩት።

"አያቴ፣ ይህን ደግሞ ማን አስተማረሽ?" አለኝ ተገርሞ።

"ማንም አላስተማረኝ፤ ራሷ ፊቴ ወልዳ አሳየችኝ" አልኩት። እናቴን አልገደልኳትም። ይህንንም ማንንም ሳልፈራ፣ ቀና ብዬ እናገራለሁ።